አስተማሪ ሰንጢ ምን ያደርግለታል?

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስመለስ፣ ከጦር ኃይሎች ወደ ዓለም ባንክ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የገጠመኝን ልንገራችሁና ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አየር ጤና ልንደርስ ስንል አንዲት እናት «ወራጅ አለ» አሉ። ሊነሡ ሲሉ የነጠላቸው ጫፍ ተጣጣፊው ወንበር ማጠፊያ ውስጥ ገብቶ ያዛቸው። ሲስቡት ይብስበታል። ረዳቱ «እማማ ቶሎ በሉ፣ ትራፊክ አለ!» ይላል። ከኋላ ያለው መኪና ክላክሱን ይነፋል። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ኪሴ ገባሁ፣ ሰንጢዬን አወጣሁ፣ ከፈትኳት፣ የተያዙትን ሁለት ሦስት ክሮች በጠስኩና «ይኸው እናቴ፣ ይውረዱ» አልኩ። ከአሥር ሰከንድ አይበልጥም።

ምስጋና አልጠበቅኩም። ግን ታክሲው በአንዴ ጸጥ አለ። እማማ ነጠላቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው፣ ፊቴን ሳያዩኝ ወረዱ። ፊት ለፊቴ የነበረችው ልጅ ቦርሳዋን ሆዷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ረዳቱ «ብራዘር፣ እሷን ነገር ቶሎ ክተታት» አለኝ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ደግሞ እጄ ላይ ያለውን የፈተና ወረቀት ጥቅል አይተው፣ «ልጄ፣ አስተማሪ ትመስላለህ። አስተማሪ ሰንጢ ምን ያደርግለታል?» አሉኝ።

«አሁን ያደረገልኝን አዩ አይደል?» ልላቸው አልኩና ዋጥኩት። አነጋገራቸው የስድብ አልነበረም። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። ቤቴ እስክደርስ መልስ ሳዘጋጅ ቆየሁ። ይሄ ጽሑፍ ያ መልስ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሰንጢዋ። ከስድስት ዓመት በፊት መርካቶ ምናለሽ ተራ የበር ማጠፊያ ልገዛ ሄጄ ነው ያገኘኋት። ያገለገለች ናት። እጀታዋ እንጨት፣ ስለቷ በማስመሪያ ስለካት 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል። ስትታጠፍ መዳፌ ውስጥ ትጠፋለች። ከቁልፌና ከእስክሪብቶዬ ጋር ነው የምትውለው፤ እንደ እነሱው ጠዋት ስወጣ ኪሴን ዳብሼ መኖሯን አረጋግጣለሁ።

እስከ አምና ድረስ ትምህርት ቤትም ይዣት እገባ ነበር። (ለምን «እስከ አምና» እንዳልኩ ኋላ ላይ ይገባችኋል።) የአንድ ሳምንት ሥራዋን ብቆጥርላችሁ፦ ሰኞ የጠመኔ ካርቶን ትከፍታለች። ማክሰኞ የተማሪ እርሳስ ትቀርጻለች፤ መቅረጫ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ዘንድሮ ብርቅ ነው። ረቡዕ ስታፍ ውስጥ አንድ ብርቱካን ለአራት ሰው ታካፍላለች። ሐሙስ የሸሚዜን እጅጌ ክር ትቆርጣለች። ዓርብ የፈተና ወረቀት የታሰረበትን ገመድ ትፈታለች። ቅዳሜ ቤት ውስጥ የማከፋፈያውን ሽቦ ትልጣለች፣ የስኳር ፌስታል ትከፍታለች። እሑድ ዕረፍት ነች ማለት ይቻላል። በስድስት ዓመት ውስጥ የነካችው ደም የራሴን አውራ ጣት ብቻ ነው፤ እሱም በማንጎ ምክንያት።

ሥራዋ ይሄ ሆኖ ሳለ ሰው ሲያያት የሚሆነው ነገር ሁሌም ይገርመኛል። በስድስት ዓመት ታዝቤ ሰዎችን በአራት መድቤያለሁ።

አንደኛው ደንጋጭ ነው። ምንም አይናገርም። ወንበሩን ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ይገፋል። ዓይኑ ከእጄ አይነሣም። አጥፌ ኪሴ ስከታት ነው ትንፋሹ የሚመለሰው።

ሁለተኛው ቀልደኛ ነው። «ማንን ልትወጋ ነው?» «ኧረ ርዕሰ መምህሩን እንዳታስቀይሙት፣ ሰውዬው ታጥቋል!» ይላል። በስድስት ዓመት አዲስ ቀልድ አልሰማሁም፣ ሁሉም አንድ ነው። እኔም እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ?

ሦስተኛው መካሪ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ጥግ ይወስደኛል። «ወንድሜ፣ ጊዜው ጥሩ አይደለም። አንድ ቀን ፍተሻ ላይ ይይዙህና ሌላ ነገር ይሆናል። ጣላት።» ይሄኛው ወዳጅ ነው፣ አከብረዋለሁ።

አራተኛው ተዋሽ ነው። «እስቲ ያቺን ነገር አንዴ አውሰኝ።» የሚገርማችሁ፣ ተዋሹ ብዙ ጊዜ ያው ቀልደኛው ነው። ጠዋት «ወንበዴው» ያለኝ ሰው ከሰዓት የአዲስ ስልኩን ካርቶን ይዞ ይመጣል።

ጎረቤቴም እንደዚሁ ናት። ግቢ ውስጥ በሰንጢዬ የአትክልት ውኃ ጎማ ስቆርጥ አይታኝ፣ «አንተ ጋሼ፣ ልጆች ባሉበት ግቢ ይሄን ነገር ባታወጣው» ብላኝ ነበር። እሺ አልኳት። የፋሲካ ዋዜማ በር ተንኳኳ። እሷ ናት፤ ዶሮ ሁለት ክንፏን ይዛ። ባሏ መስክ ወጥቷል። «እባክህ እረድልኝ፣ ደግሞ የኛ ቤት ቢላ ደንዝዟል፣ ያቺን ያንተን ይዘህ ና» አለችኝ። ሄጄ አረድኩላት። ልጆቿ ተሰብስበው አዩ። ማንም አልደነገጠም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይሄን ያውቀዋል፦ በበዓል ዋዜማ ዶሮ ያንጠለጠለች እናት መንገድ ላይ ያገኘችውን የማታውቀውን ወንድ አስቁማ «እረድልኝ» ትለዋለች፣ ቢላም በእጁ ታስይዘዋለች። በማግስቱ ያንኑ ሰውዬ ታክሲ ውስጥ ሰንጢ ሲያወጣ ብታየው ግን ልጇን ወደ ራሷ ትስባለች።

ቁርጥ ቤትን አስቡት። ጾም በተፈታ ሰሞን ሥጋ ቤት ግቡ። በየጠረጴዛው ላይ ከእኔዋ ሦስት እጥፍ የሚረዝም፣ ፀጉር የሚላጭ ቢላ አለ። የያዙት ሰዎች እርስ በርስ አይተዋወቁም። ግማሾቹ ጠጥተዋል። ድምፅ ከፍ ይላል፣ ስለ ኳስ ይከራከራሉ፣ ቢላውን በእጃቸው እንደያዙ እያወናጨፉ ያወራሉ። እና ማናችንም ወንበራችንን ወደ ኋላ አንገፋም። «እስቲ ከዚያ ጮማው ጋር ቁረጥልኝ» እንላለን። በለስ የሚልጥልን ልጅ፣ ሸንኮራ የሚቆርጥልን ልጅ፣ ሁሉም ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር ስለት ይዞ ነው የሚውለው። እጃችንን ዘርግተን ከቢላው ጫፍ ላይ በለስ እንቀበላለን።

ስለዚህ የአገራችን ሰው ስለት ይፈራል ማለት አይቻልም። የሚያስደነግጠው ከኪስ የወጣው ነው። የቁርጥ ቤቱ ቢላ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ለምን እንደመጣ ይታወቃል። የበለሱም እንደዚያው። አፋር ሄዳችሁ ከሆነ፣ ሰውዬው ጊሌውን ወገቡ ላይ ታጥቆ ገበያ ሲወጣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ በግልጽ ይታያል፣ ያባቱም ያያቱም ነው። ከኪስ የወጣ ስለት ግን ሳይታይ አብሮህ ተቀምጦ ቆይቷል። ሰው «ይሄ ነገር እስካሁን አጠገቤ ነበር ማለት ነው?» ብሎ ነው የሚደነግጠው።

ቋንቋችንም አግዟል። «ቢላ» ስትል ሽንኩርት ይታይሃል። «ካራ» ስትል በዓል። «ምላጭ» ስትል ጢም። «ጩቤ» ስትል ፖሊስ። «ሰንጢ» ደግሞ መሀል ላይ ሆና ወደ ጩቤው አጋድላለች። አንድ ዓይነት ብረት በስሟ ብቻ ትፈረድባታለች። እኔ ራሴ ስታፍ ውስጥ «ትንሿን ቢላ አምጣት» ስባል ቶሎ አወጣታለሁ፣ «ሰንጢ አለህ?» ስባል ግን ዙሪያዬን አያለሁ።

የታክሲው አባት «አስተማሪ» ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ አገር የጽሕፈትና የስለት ዝምድና የቆየ ነው። ብራና ጸሐፊ ያለ ቢላ አይጽፍም። የመቃውን ብዕር የሚቀርጸው በቢላ ነው፤ የተሳሳተውን ፊደል ከብራናው ላይ ፍቆ የሚያነሣውም በቢላ ነው። እንግሊዞችም በኪስ የምትያዘውን ትንሿን ሰንጢ እስከ ዛሬ «የብዕር ቢላ» ነው የሚሏት፤ ድሮ የላባ ብዕር የሚቀርጹባት ስለነበረች። እኛም እኮ በልጅነታችን እርሳስ የቀረጽነው በግማሽ ምላጭ ነው። ደብተራችን መሀል ወረቀት ጠቅልለን እንይዘው ነበር። አስተማሪዎቻችንም «አንተ፣ ምላጭህን አውሰኝ» ይሉን ነበር እንጂ «ምላጭ ለምን ያዝክ?» አይሉንም።

የዓለሙንም ታሪክ ብናይ ያው ነው። ካርል ኤልስነር የሚባለው ስዊዛዊ ሥራውን የጀመረው በ1884 እ.ኤ.አ. ነው። በ1891 ለስዊዝ ወታደሮች ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ፣ በ1897 ደግሞ ዛሬ ሁላችንም የምናውቃትን ባለ ብዙ ምላስ የመኮንኖች ሰንጢ አስመዘገበ። ቀዩዋ ሰንጢ ከመቶ ዓመት በላይ የአባት ስጦታ ሆና ኖረች፤ ሰው በአውሮፕላን ሲሄድ ኪሱ ውስጥ ትገባ ነበር። ከመስከረም 2001ዱ የአሜሪካ ጥቃት በኋላ አውሮፕላን ላይ ስለት መያዝ ተከለከለና የፋብሪካው ሽያጭ ክፉኛ ወረደ። ሰንጢዋ አልተቀየረችም፣ የሚያያት ዓይን ነው የተቀየረው። እንግሊዝ አገር ደግሞ ነገሩን በማስመሪያ ፈቱት፦ የምትታጠፍ፣ ስትከፈት የማትቆለፍ፣ ስለቷ ከ3 ኢንች ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሰንጢ ያለ ምክንያት መያዝ ይቻላል። ከዚያ ካለፈ በቂ ምክንያት አምጣ ይሉሃል። ይሄን የጠቀስኩት እንግሊዝን ላሞግስ አይደለም፤ እዚያም በስለት የሚሞት ወጣት ብዙ ነው። ግን የሚለኩት ብረቱን ነው። እኛ የምንለካው ምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

እስካሁን ያነበበ ሰው «ይሄ ሰውዬ የፈራውን ሁሉ ሊያላግጥበት ነው» ብሎ ይሆናል። አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ ራሴ ያፈርኩበት ነገር አለ።

አንድ ባልደረባ አለኝ። ስታፍ ውስጥ ብርቱካን ስልጥ ሁልጊዜ ተነሥቶ ይወጣ ነበር። እኔ ደግሞ ከቀልደኞቹ ጋር ሆኜ «ኧረ ፈሪ!» እለዋለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም በሩ ላይ ቆሜ ሰንጢዋን አሳየሁት። ለመሳቅ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። ኋላ ነው ከሌላ ሰው የሰማሁት፤ መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት፣ ወደ ቤቱ ሲገባ ሁለት ልጆች አስቁመውት፣ አንዱ ስለት አንገቱ ሥር አድርጎበት ስልኩንና ደመወዙን ወስደውበታል። «ጋሼ አትንቀሳቀስ» እያሉ። ጋሼ እያሉ! ያ ሰው በእኔ እጅ ብርቱካን አላየም። ያን ምሽት ነው ያየው። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «ምንም አይደል» አለኝ፤ ግን አሁንም ብርቱካን ሲመጣ ይወጣል።

ባለቤቴም አትወዳትም። ስድስት ዓመት ሙሉ። አንድ ጊዜ ተከራክረን ተከራክረን መጨረሻ ላይ እንዲህ አለችኝ፦ «አንተን አውቅሃለሁ። እሷን ነገ ማን እንደሚይዛት ግን አላውቅም። ልጅህ ሱሪህን ሲዳብስ አይተህ ታውቃለህ?» መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ስገባ ሰንጢዋ ከፍ ያለ ቦታ ነው የምትቀመጠው። አያቴም ገጠር ሳለሁ ቢላ ከእጅ ወደ እጅ አታቀብልም ነበር። መሬት ታስቀምጠዋለች፣ ተቀባዩ ራሱ ያነሣዋል። ልጅ ሆኜ አጉል እምነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሥርዓት ነው። ስለት ባለበት ቦታ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንዳይይዘው።

ስለዚህ የሰው ፍርሃት ውሸት ነው አልልም። ፍርሃቱ እውነት ነው። የሚያሳስበኝ ፍርሃቱ የሚመርጠው ነገር ነው።

አሁን «እስከ አምና» ያልኩበት ጋ ደርሰናል።

አምና በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ጠዋት ፍተሻ ነበር። የ10ኛ ክፍል ልጅ ቦርሳ ውስጥ ቢላ ተገኘ። ልጁ ከገጠር ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። መንገድ ዳር ሸንኮራ ከሚሸጥ ታላቅ ወንድሙ ጋር ይኖራል። ጠዋት ከትምህርት በፊት ያግዘዋል፤ ይልጣል፣ ይቆርጣል፣ በፌስታል ይቋጥራል። የዚያን ዕለት ሰዓት ረፍዶበት ቢላውን ቦርሳው ውስጥ እንደከተተ ሮጠ። ቢላው ላይ ሸንኮራው ገና አልደረቀም፤ ሲነኩት ያጣብቃል። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተጠራ። እኔ አባል ነኝ። ልጁ ገባ። ኮንጎ ጫማ አድርጓል። አንገቱን ደፍቷል። የተጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይሄ ምንድነው?» አልነበረም። «ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?» ነበር። «አልተጣላሁም ቲቸር፣ የሸንኮራ መላጫ ነው» አለ። «እነማን ናቸው ጓደኞችህ?» «ሌላስ ማን ይዟል?» «ከየት ነው የመጣኸው?» አነጋገሩ የከተማ ልጅ አነጋገር አይደለም፤ በተናገረ ቁጥር አንዱ ባልደረባዬ ለሌላው ያየዋል። በመጨረሻ ወላጅ ያምጣ፣ ለሁለት ሳምንት ይታገድ፣ ቢላው ይወረስ ተባለ።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እዚያው ትምህርት ቤት፣ ያው 10ኛ ክፍል፣ ሌላ ልጅ ቦርሳ ውስጥ ቀይ ሰንጢ ተገኝታ ነበር። አጎቱ ከውጭ ያመጣለት። ያቺ ሰንጢ ኮሚቴ ጋ አልደረሰችም። ስታፍ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። «ኦሪጅናል ናት!» «መቀሷን አየሃት?» «ጥርስ መጎርጎሪያም አላት!» ተባለ። ለአባትየው ተደውሎ፣ ከሰዓት በመኪና መጥተው፣ ስቀው፣ አመስግነው ወሰዷት። ልጁ «ሁለተኛ እንዳታመጣ» ተባለ። በቃ። እኔም መቀሷን ሞክሬያታለሁ።

እና ያ የሸንኮራው ልጅ ፊታችን ቆሞ፣ «የሸንኮራ መላጫ ነው» እያለ ሲምል፣ እኔ ጠረጴዛው ማዶ ቁጭ ብያለሁ። ሰንጢዬ ኪሴ ውስጥ አለች። ጭኔ ላይ ትሰማኛለች። ዙሪያዬ ያሉት ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ፤ ግማሾቹ በዚያው ሳምንት ተውሰውኛል። አንድም ሰው ወደ እኔ አላየም። እኔም አፌን አልከፈትኩም። ሲወሰን እጄን አወጣሁ። ፈረምኩ።

ለምን ዝም አልኩ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። አንዱ፣ በኮሚቴው ውስጥ በዲፕሎማ የማስተምር እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌሎቹ ዲግሪና ከዚያ በላይ አላቸው፤ ድምፄን ከፍ ማድረግ አልለመድኩም። ይሄ ግን ሰበብ ነው። ዋናው ምክንያት ፈርቼ ነው። ከተናገርኩ የኔዋም ልትወጣ ነው።

ልጁ በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ የመንፈቅ ዓመት አጋማሽ ፈተና አለፈው። ወንድምየው ሥራ ፈትቶ ሦስት ቀን ተመላለሰ፤ ቢላውን ግን አላገኘም፣ ሌላ ገዛ። ልጁ ተመለሰ። የኔን ክፍለ ጊዜ ይከታተላል፣ የቤት ሥራ ይሠራል። ድሮ ግን እጁን እያወጣ ይጠይቀኝ ነበር። አሁን አይጠይቅም።

ሳምንት ቆይቼ በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ ላይ ሰንጢዬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። «ለዚያ ልጅ የሰጠነውን ቅጣት ለእኔም ስጡኝ። ወይም የሱን አንሡለት» አልኩ። ምን ያደረጉ ይመስላችኋል?

ሳቁ።

ከልባቸው ሳቁ። «ኧረ ተው፣ አንተና እሱ አንድ ናችሁ?» አሉኝ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ከኔ የተሻሉ መምህራን ናቸው። ግን ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እንግሊዞቹ በማስመሪያ የሚለኩትን እኛ በጫማና በአነጋገር እየለካነው ነበር። ቀዩዋ ሰንጢ ከኔዋ ትረዝማለች እንጂ አታጥርም። የሸንኮራው ቢላ ለሥራ ካልሆነ ለምንም የማይመች፣ እጀታው በላስቲክ የታሰረ ነው። ሦስቱም ስለት ናቸው። አንዱ ተደነቀ፣ አንዱ ተቀለደበት፣ አንዱ ታገደ።

ግልጽ ይሁንልኝ፦ ተማሪ ትምህርት ቤት ስለት ይዞ ይምጣ እያልኩ አይደለም። አይምጣ። ሺህ ታዳጊ በሚተራመስበት ግቢ ውስጥ የማንም ቢላ መግባት የለበትም፤ ልጆች በደቂቃ ውስጥ ይጣላሉ፣ በደቂቃ ውስጥ ይታረቃሉ፣ በዚያች ደቂቃ ውስጥ እጃቸው ላይ ስለት እንዲኖር አልፈልግም። ደንቡ ትክክል ነው። ትክክል ከሆነ ግን ለሸንኮራ ሻጩ ወንድም፣ ለባለ መኪናው አባት ልጅና ለእኔም እኩል ይሁን።

ስለዚህ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጠዋት በር ላይ ስደርስ ሰንጢዬን ለጥበቃው ለጋሼ እሰጣለሁ። በወረቀት ጠቅልለው መሳቢያቸው ውስጥ ያስቀምጡልኛል፣ ማታ ስወጣ እወስዳለሁ። የመጀመሪያ ቀን እሳቸውም ስቀው ነበር። አሁን ለምደውታል። ለተማሪም እንዲህ ይሁን ብዬ አመልክቻለሁ፦ ከሥራ የሚመጣ ልጅ መሣሪያውን በር ላይ አስመዝግቦ ይግባ፣ ሲወጣ ይቀበል። በሸንኮራ፣ በሊስትሮ፣ በኤሌክትሪክ ሥራ እየኖሩ የሚማሩ ልጆች ስንት እንዳሉ የምናውቅ እኛ ነን። «እናስብበታለን» ተብያለሁ። እያሰቡበት ነው።

እንግዲህ ለታክሲው አባት መልሴ ይሄ ነው። አባቴ፣ አስተማሪ ሰንጢ የሚያደርግለት ብዙ ነገር አለ፦ ጠመኔ፣ እርሳስ፣ ብርቱካን፣ ክር፣ የእማማ ነጠላ። ግን እርስዎ ሲጠይቁኝ መልስ የመስጠት ዕድል ሰጥተውኛል። ፊቴን አይተው፣ ወረቀቴን አይተው፣ «አስተማሪ ትመስላለህ» ብለው ነው የጀመሩት። ያ ልጅ ያንን ዕድል አላገኘም።

እንደኔ ሰንጢ ለምትይዙ ሰዎች፦ ከማውጣታችሁ በፊት ተናገሩ። «ሰንጢ አለኝ፣ ላውጣት?» ማለት ሁለት ሰከንድ ነው። ባለፈው ሐሙስ እኔም ማለት ነበረብኝ፤ ሳልናገር ነው የከፈትኳት፣ የእማማ ድንጋጤ የኔ ጥፋት ነው። ፍተሻ ባለበት ቦታ፣ ቤተ ክርስቲያንም ይሁን መስጊድ፣ ባንክም ይሁን ስታዲየም፣ ሳትጠየቁ አስረክቡ ወይም ቤት ትታችሁ ሂዱ። ለጨዋታ አትክፈቷት። የሚፈራ ሰው ካለ አትሳቁበት፤ ምን አይቶ እንደመጣ አታውቁም።

ለማትይዙ ደግሞ፦ መፍራት መብታችሁ ነው። ብቻ «ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ትሠራበታለህ?» በሉ። ይህችን ጥያቄ ኮንጎ ጫማ ላደረገውም ሱፍ ለለበሰውም እኩል ጠይቁ። መልሱ ካላሳመናችሁ ከዚያ በኋላ ፍሩ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ መምህራን የሆናችሁ፣ በየትምህርት ቤታችሁ እንዴት ነው የምታደርጉት? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። «ማንን ልትወጋ ነው?» የምትል ቀልድ ግን በቂ አለኝ፣ አደራ።

የአየር ጤናዋ እናትም ድንገት ይሄን የምታነብ ልጅ ካላቸው፦ ሳላስፈቅድ ስላወጣኋት ይቅርታ አድርጉልኝ በላቸው። ነጠላቸው ግን ደህና ነው፣ ከጫፉ ሦስት ክር ብቻ ነው የጎደለው።